የጫማ ወረፋ

አባት ልጁ በፈቃደኝነት ወደምታክምበት ሩቅ አገር ገጠር ከመጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የመጣው ሊጠይቃት ብቻ አልነበረም። እናቷ አልጋ ከያዘች ወር ሆኗት፣ «ልጄን ሳላይ እንዳልሞት» ስላለች ሊወስዳት ነው። ልጅቱ ግን ጎህ ሲቀድ ክሊኒክ ገብታ ቆማ የምታንቀላፋ እስክትመስል ደክማ ስትመለስ፣ አንጀቱ አልችል እያለ ነገሩን ሳይነግራት ቀረ። አውሮፕላኑ ደግሞ ነገ ነው።

ክሊኒኩ ደጃፍ ታማሚዎቹ አንድ አንድ ጫማቸውን ደርድረው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ጫማው ወረፋ ይይዝላቸዋል። አባትም ቢጨንቀው የቀኝ ጫማውን አውልቆ ደረደረ። ተራው ሲደርስ ጫማውን ማንሳት እንኳ ረስቶ በካልሲ ገባ።

«አባዬ! ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ብላ ሳቀች። «ለአባት ወረፋ የለም እኮ!»

«አለ እንጂ፤ ሦስት ቀን ጠበቅኩሽ» አላትና ነገራት።

ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«ምን ያህል ጊዜ አላት?»

«ሐኪሞቿ ከሁለት ሳምንት አያልፍም ብለውኛል። በሞቴ ልጄ፣ ነገ አብረን እንሂድ።»

«ተተኪዬ የምትመጣው ከወር በኋላ ነው። እዚህ ከእኔ ሌላ ሐኪም የለም፣ አባዬ።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እንባዋ እየወረደ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፤ ጫማዎቹን እየቆጠረች ነበር።

ዳግመኛ አልለመናትም። ወጥቶ ጫማውን ለማንሳት ሲጎነበስ በአንድ ጫማ ተንገዳግዶ ወደቀ። በወረፋው ከኋላው የነበረችው እርጉዝ ደግፋ አነሳችው፤ ከዚያም የራሷን ጫማ ቀስ ብላ ወደ እሱ ቦታ አስጠጋች።