ሹሌካ ዛሬ ዓሣ በላች

ሹሌካ ከሞተች ሦስት ወር ሊሞላት ነው፤ ጓደኞቿ ግን ይህን አያውቁም። እንዲያውም በየቀኑ ያወሯታል።

ጥፋቱ የባሏ የቦቦቶሽ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በክሪሽናናገር ባቡር ጣቢያ ቲኬት ሲቆርጥ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ለገዛ ወንድሙ እንኳ ወረፋ አሳልፎ ቲኬት ያልሸጠ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው በስልሳ ስድስት ዓመቱ በሚስቱ ስም ተሸሽጎ ከሦስት ሴቶች ጋር ስለ ወጥ የሚያወራ አታላይ ይወጣዋል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም፤ ራሱንም ጨምሮ።

ነገሩ የተጀመረው የሙት ሥርዓቱ ባለቀ ማግስት ነበር። ዘመድ አዝማዱ ተበትኖ፣ አንድ ልጁ ታታይም ፑኔ ከተማ ወዳለው ሥራው ተመልሶ፣ ቤቱ ጭር ብሏል። ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ በጨውና በእርድ ዕቃው መካከል፣ የሹሌካ ስልክ ጮኸ። ቻርጀሩን የሰካው ራሱ ነው፤ ለምን ሰካኸው ቢባል መልስ የለውም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ዋጠሽ? ዛሬ ምን ተሠራ?» ይላል መልእክቱ።

የጻፈችው የሲሊጉሪዋ ቾንዳ ናት። ሹሌካ ከአምስት ዓመት በፊት ኢንተርኔት ላይ፣ አንድ የምግብ ገጽ ውስጥ፣ «ወጥ ውስጥ ስኳር ይገባል፣ አይገባም» በሚል ስትሟገት ነው ያገኘቻት። ተሰዳድበው ሲያበቁ ተዋደዱ። ከዚያ የአሳንሶሏ ጁማ መጣች፤ ከአማቷ ጋር አንድ ምድጃ የምትጋራ ወጣት ሙሽራ ናት። በመጨረሻ የባርዳማኗ ጡረተኛ አስተማሪ ሚኖቲ ተጨመረች። በዕድሜ ሁሉንም ስለምትበልጥ «ዲዲ» ይሏታል፣ ታላቅ እህት እንደማለት። አራቱም ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። በየቀኑ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ግን ምን እንደሠሩ ሳይጻጻፉ አይውሉም፤ ከወጡ ጋር ባሉም፣ ልጁም፣ የጉልበት ሕመሙም አብሮ ይወጣል።

ቦቦቶሽ ያን ዕለት መርዶውን ሊነግራቸው ነበር። «ሹሌካ አረ» ብሎ ጀመረ። ጣቱ ቆመ። ደለዘውና «ምስርና ድንች። ትንሽ አሞኝ ነበር» ብሎ ላከ።

ስልኩ ወዲያው በልብና በአበባ ሥዕል ተጥለቀለቀ። ጁማ ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ አለች፣ ሚኖቲ ዲዲ ራስሽን ጠብቂ አለች፣ ቾንዳ ደግሞ «ያ ሽማግሌሽ ገደለሽ እኮ! አንድ ቀን እንኳ ሻይ አፍልቶ አይሰጥሽም?» ብላ ጻፈች። ቦቦቶሽ ከአሥራ ሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ቤቱ ውስጥ ሰው የገባ መሰለው።

ከዚያ በኋላ እንዴት ይቁም? መጀመሪያ ያልሠራውን ወጥ እየፈጠረ ይጽፍ ነበር። በኋላ ግን ኅሊናው አላስችል አለው፤ ቢያንስ ወጡ እውነት ይሁን ብሎ ማብሰል ጀመረ። የቀድሞ መልእክቶቿን ወደ ላይ እየሳበ «ሰናፍጩ ከጥሬ ቃሪያ ጋር ካልተፈጨ ይመራል» የሚለውን እያነበበ ፈጨ፣ አሳረረ፣ እንደገና ፈጨ። መልእክቶቿ መሐል ራሱንም አገኘ። «ሽማግሌዬ ጨው ሲበዛበት አንዲት ቃል አይወጣውም፤ ውሃ ሦስት ጊዜ ከጠጣ ግን ገባኝ ማለት ነው።» ይህን ያነበበ ዕለት ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ አለቀሰ። እሱ እንደተሸሸጋት ነበር የሚያስበው፤ እሷ ለካ ብርጭቆውን ትቆጥር ኖሯል።

ድምፅሽን ላኪልን ሲሉት ጉሮሮዬን አለ። ሦስት ወር ሙሉ ጉሮሮዬን።

ከታታይ ጋር ያለው ወሬ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነበር። እሑድ እሑድ ይደውላል። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ።» «መድኃኒትህን ወሰድክ?» «ወሰድኩ።» ከዚያ ሁለቱም ስልኩን ለመዝጋት ይጣደፋሉ። ልጁ በእምነታቸው ሥርዓት የእናቱን ሬሳ በእጁ ሲያቃጥል አንዲት ዘለላ ዕንባ አልወጣውም ነበር፤ አባትየው አይቶታል። የእናቱን ስም አንዱም በአንዱ ፊት አያነሣም።

በአገሬው አቆጣጠር አዲስ ዓመት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ቦቦቶሽ በማለዳ ገበያ ወጣ። ዓሣ ነጋዴው እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። «ዛሬ ገበያው ሞቷል፣ ዳዳ፤ ምርጡን ውሰድ» አለው፣ እንደ ታላቅ ወንድሙ እየጠራው። ቦቦቶሽ ቀኔ ቀና ብሎ ደስ እያለው የሰባውን ይዞ ተመለሰ። በሰናፍጭ ሠራው። በሕይወቱ እንደዚያ የተሳካ ወጥ ሠርቶ አያውቅም፤ ዘይቱ ከላይ ወርቅ መስሎ ተንሳፍፏል። ከትኩስ ሩዝ ጋር አቅርቦ ፎቶ አነሣና ላከ፦ «ያላያችሁት እንዳይቆጫችሁ!»

የሁልጊዜው ጫጫታ አልመጣም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ጁማ ብቻ ጻፈች። «ሹሌካ ዲዲ... ዛሬ?»

ቾንዳ ተከተለች። «ለሽማግሌው ነው፣ አይደል? እሱማ ሆድ ብቻ ነው፤ ሰማይ ቢወድቅ ሳይበላ አይውልም።»

ቦቦቶሽ ስለ ራሱ የተነገረውን ዋጥ አድርጎ፣ እንዳይጠረጠር በማሰብ፣ ይበልጥ ገባበት። «ኧረ ለራሴ ነው! ርቦኛል፣ አሁኑኑ ልቀመጥ ነው።»

 ስልኩ ላይ «እየጻፈች ነው» የሚለው ምልክት ይመጣል፣ ይጠፋል። የሚኖቲ ዲዲ ነበር። ሩዙ እየቀዘቀዘ ሳለ መልእክቷ ገባ።

«ሹሌካ እህቴ፣ ታታይ ምን ሆነ? ሦስት ወር ድምፅሽን አላሰማሽንም፤ ጉሮሮዬን ስትይ ዝም አልኩሽ። ዛሬ በኒል ሾሽቲ ቀን ልበላ ነው ስትይ ግን እንዴት ዝም ልበል? እኔ በዚህ ቀን መብላት ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ለእናንተ በየዓመቱ ጾሜያለሁ የምለው ውሸቴን ነው። ልጅ ነበረኝ፣ ሸቡጅ ይባላል፣ ወንዝ ወሰደብኝ። ከዚያ ወዲህ ለማን ልጹም? ብቻሽን አትሁኚ፤ ንገሪኝ።»

ቦቦቶሽ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ዞረ። በቀይ ተጽፏል። ኒል ሾሽቲ። ልጅ ያላት እናት ሁሉ ማታ ለልጇ መብራት አብርታ አምላኳ ሺቫ ፊት እስክታስቀምጥ ድረስ የእህል ዘር የማትቀምስበት ቀን። የዓሣ ነጋዴው እጅ መታጠፍም አሁን ገባው።

ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ቀን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ በልቷል። ሹሌካ ታቀርብለታለች፣ «አንተ ብላ፣ እኔ በኋላ» ትላለች፣ እሱ ይበላል፣ ይተኛል። ያ «በኋላ» መቼ እንደነበር አንድ ቀን አልጠየቃትም። ሴቶቹ «ሆድ ብቻ ነው» ያሉት እውነታቸውን ነው። ራሱን ጠላው።

ከዚህ የባሰው ግን የልጁ ነገር ነበር። ሦስት ሴቶች በሦስት ከተማ ታታይ ሞቷል ብለው ተቀምጠዋል።  እውነቱን ከተናገረ ሹሌካን በስሟ የሚጠራት ሰው ከዛሬ በኋላ የለም፤ ካልተናገረ ደግሞ በሕይወት ባለ ልጁ ላይ ሟርት መፍቀዱ ነው። ጻፈ።

«ታታይ ደህና ነው፤ በሕይወት አለ። የሞተችው ሹሌካ ናት። በብርዱ ወር፣ ልቧ ቆሞ። እኔ ባሏ ቦቦቶሽ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስጽፍላችሁ የነበርኩት እኔ ነኝ። ልነግራችሁ ስል እጄ እምቢ አለኝ። እናንተ ሹሌካ ብላችሁ ስትጠሯት፣ ወጥ ቤት ያለች እየመሰለኝ ነው። ይቅር በሉኝ።»

መጀመሪያ የፈነዳችው ቾንዳ ናት።

«የማህፀኔን ኦፕራሲዮን ያወራሁት ለማን ነው ታዲያ?»

«ለእኔ።»

«አይዞሽ፣ ከባድ ዕቃ አታንሺ ሲለኝ የከረመው የሰው ሽማግሌ ነው?»

«አዎ።»

«ዓይንህን በጨው የታጠብክ! ስድቡስ ይሁን። ጓደኛዬ ሞታ እኔ ሦስት ወር ስለ ቃሪያ ስቀልድ! የማለቅሰውን ዕንባ ነው የቀማኸኝ። ትሰማለህ? ዕንባዬን!»

 ትክክል ናት። ቦቦቶሽ ሐዘኑን ለብቻው ይዞ የሌሎቹን ድርሻ እንደበላ ያን ጊዜ ነው ያወቀው።

ጁማ በበኩሏ ግራ ገብቷታል። «ዳዳ፣ አማቴ ስትነዘንዘኝ ‹ዝም በያትና አንድ ጭልፋ ጨምሪላት› ያሉኝ... እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ሠርቷል እኮ» ብላ ጻፈችና የሚያለቅስ ፊት አከለችበት።

ሚኖቲ ዲዲ የመጣችው በመጨረሻ ነው። አስተማሪ ስትባል አስተማሪ ናትና፣ ስትመጣ በጥያቄ መጣች።

«ሩዙን በላህ?»

«አልበላሁም።»

«ሌላስ?»

«ጠዋት ሻይ ብቻ።»

«ሻይ ይሁን። ሳህኑን አንሣ። እናቱ ብትሞት ልጁ መብራት የሚያበራለት አላጣም፤ አባት አለው። ዛሬ አንተ ትጾማለህ።»

«ዲዲ፣ ወንድ ይጾማል እንዴ?»

«ሠላሳ ዓመት ልጅ አስተምሬያለሁ፤ ስናገር አትመልስልኝ። እኔ የምጾምለት ባገኝ በእንብርክኬ እሄድ ነበር።»

ቦቦቶሽ ተነሣ። ዓሣውን ለጎረቤት ሰጠ። ቀኑ ሞቃት ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ራሱን አዞረው፤ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ሹሌካ በዚህ ሙቀት ምድጃ ፊት ቆማ፣ በባዶ ሆዷ፣ ጨው እንዴት እንደቀመሰች አሰበ። ለካ አልቀመሰችም። በዚህ ቀን ጨው የሚበዛበትም የሚጎድልበትም ለዚህ ኖሯል።

አሥር ሰዓት ገደማ ከቾንዳ መልእክት ገባ። «ጾም የሚፈታበትን ሳጎ፣ ያን ነጭ እንክብል፣ ከጠዋቱ ነበር መንከር። አሁን ለብ ባለ ውሃ ንከረው፤ መብራቱን ካበራህ በኋላ በሙዝና በወተት ትበላዋለህ። ይቅር አላልኩህም።»

«እሺ» አለ።

ሲመሽ የሸክላ መብራት፣ ጥጥ፣ ቅቤና ትንሽ ወተት ይዞ ኩሬው ዳር ወዳለው የሺቫ ቤተ መቅደስ ወረደ። ሰልፉ ሁሉ ሴት ነው። ሚኖቲ ዲዲ በስልኩ ታዘዋለች፦ ወተቱን በቀስታ አፍስስ፣ ጥጡን በደንብ አጥልቀው፣ የልጁን ስም ሳትጠራ እንዳታስቀምጥ። አንድ ያረጁ ሴት ዞረው ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ለማን ነው?»

«ለልጄ።»

ሴትዮዋ ሌላ አልጠየቁም፤ ልብሳቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁለት። ቦቦቶሽ መብራቱን አበራ፣ ከሌሎቹ መካከል አስቀመጠና «ታታይ» አለ። ጮክ ብሎ ነበር፤ ሁለት ሴቶች ቀና አሉ።

ከደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሆዱ ባዶ ነው። ለልጁ መደወል ፈለገ፤ እሑድ አይደለም፣ የሚለው ነገርም የለውም፣ ዝም ብሎ ድምፁን መስማት ፈለገ። በእጁ ያለው የሹሌካ ስልክ መሆኑን ልብ አላለም። የታታይን ስም ነካ።

አንዴ እንኳ ጮኾ ሳይጨርስ ተነሣ። ከወዲያ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«እማ?» አለ ልጁ።

ቦቦቶሽ ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየውና ምን እንዳደረገ ገባው።

«እኔ ነኝ ልጄ። አባትህ ነኝ። ይቅርታ፣ ስልኩ የሷ ስለሆነ... ጾሜልህ ነበር። መብራትህን አሁን አበራሁት።»

 ታታይ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላው ሰው፣ እንደ ሕፃን ጮኾ ማልቀስ ጀመረ።

«በየዓመቱ በዚህ ሰዓት ትደውልልኝ ነበር» አለ እየተቆራረጠ። «መብራቱን አብርታ፣ ምንም ሳትቀምስ፣ በልተሃል ወይ ብላ እኔን ትጠይቀኛለች። ዛሬ ከሥራ ቀርቼ ስልኩን ፊቴ አድርጌ ተቀምጫለሁ። እንደማትደውል እያወቅኩ እኮ ነው፣ አባ።»

ቦቦቶሽ ይህንንም አያውቅም ነበር። መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ፣ ሴቶቹ በአጠገቡ እያለፉ፣ ከልጁ ጋር አለቀሰ። ስልኩን ለመዝጋት የተጣደፈ የለም።

«ታታይ» አለ በመጨረሻ፣ «በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«ተነሥና የሆነ ነገር አቅርብ። እኔም ቤት ገብቼ ሳጎዬን ላቅርብ። ስልኩን እንዳትዘጋው፤ አብረን እንበላለን።»