የአራት ጣት ነገር

መኪና ስጠግን ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ደንበኞቼ «ዶክተር» ይሉኛል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ ኋላ ላይ እኔም ያመንኩት መሰለኝ። ዶክተር ነኝ ብሎ ያመነ ሰው ደግሞ አንድ ክፉ አመል ያወጣል፤ በሽተኛው ተናግሮ ሳይጨርስ መድኃኒት ያዛል።

የሒሳብ መምህርቷ ወደ ጋራዤ የመጣችው ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። የምትነዳው ከፍ ያለች፣ ያገለገለች ኤስዩቪ ናት። በበሩ ስትገባ ገና ከሩቅ አየኋት፤ የኋላ ቀኝ ጎኗ ወርዶ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ አንጋጧል።

«ደህና አቁሜያት ጠዋት ስወጣ ኋላዋ ቁጭ ብሎ ነው የማገኘው፤» አለችኝ። «ሞተሯን ሳስነሳ ትንሽ ቆይታ ቀና ትል ነበር። ዛሬ ግን እምቢ አለች።»

ከሥር ገብቼ አየሁ። መኪናዋ ከኋላ የምትቀመጠው በብረት ሞላ ላይ ሳይሆን በሁለት የአየር ከረጢቶች ላይ ነው። አንዲት ትንሽ ኮምፕረሰር አየር ትሞላቸዋለች። ጭነት ሲበዛ ከረጢቶቹ ይነፉና ኋላዋን ያቃኑታል፤ ከኋላው በር ውስጥ ያለችውን ጥቁር ቁልፍ ሲጫኗት ደግሞ ይተነፍሱና ኋላዋ ዝቅ ይላል። የቀኙ ከረጢት እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል።

«እህቴ፣ ልምከርሽ፤» አልኳት እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ። «ይሄ ነገር ቅንጦት ነው። ዛሬ ቀኙን ብንቀይር ነገ ግራው ይከተላል፣ ከነገ ወዲያ ኮምፕረሰሯ። ነቃቅለን እናውጣውና የብረት ሞላ እንክተትበት። ከዚያ በኋላ እኔንም ትረሺኛለሽ።»

«ዝቅ የምትለውስ ነገር?»

«የቷ?»

«ከኋላ ያለችው ቁልፍ። አባቴ ሲገባ እሷን እጫንና...»

«እሷማ ለዕቃ መጫኛ ናት! ሲሚንቶ አትጭኚ!» ብዬ ሳቅሁ። «ቢበዛ የምትወርደው አራት ጣት ነው። አራት ጣት ምን አላት?»

እሷም ሳቅ አለች፤ የሳቀችው ግን ለእኔ ብላ ነው። አዲስ ከረጢት ታዞ እስኪመጣ ከወር በላይ ይፈጃል፣ ትምህርት የሚከፈትበት ቀን ደግሞ ደርሷል። «እርስዎ ካሉ እሺ፤» አለች። በሁለት ቀን ሞላውን ገጠምኩላት፤ ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትለዋንም መብራት አፏን ዘጋኋት። ነድቼ ስሞክራት ቀጥ ብላ ሄደች። ያን ቀን በእጄ ሥራ ኮርቼ ነበር፤ ምን ይደበቃል።

ከሦስት ወር በኋላ ዘይት ልታስቀይር መጣች።

አባቷን በዝና አውቃቸዋለሁ። በከባድ መኪና ዘመናቸው «ጋሼ ተሳቢ» ነበር የሚባሉት። ያንን ረጅም ተሳቢ ይዘው በጠባብ በር ወደ ኋላ ሲገቡ ሰው ሥራውን ትቶ ቆሞ ያያቸው ነበር ይባላል። ከስድስት ዓመት በፊት ጭነት ሲያስሩ ወድቀው አከርካሪያቸው ተጎዳ፤ ከወገባቸው በታች አልታዘዝ አላቸው። እንዲያም ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበራቸው እየሄዱ በሳምንት ሦስት ቀን በአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ ያስተምሩ ነበር።

«ጋሼ እንዴት ናቸው? ማስተማሩስ?» አልኳት ከመኪናው ሥር ሆኜ።

«ተወው እኮ።»

«ምነው? አመማቸው?»

«ኧረ ደህና ነው። ‹ያስተማርኩት ይበቃል፣ ደከመኝ› አለ። መቼም ዕድሜ ነው። አሁን ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ይሰማል፤ ከሬዲዮው ጋር ይጣላል።» ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረ፣ ግን ሩቅ አልሄደም። «ደግሞም መውጣት መግባቱ አሰልችቶታል። ጠዋት እኔና ጎረቤታችን ሆነን አንስተን እናስገባው ነበር። ከሰዓት ተማሪዎቹ ነበሩ የሚያነሱት። ሲወዱት እኮ! እሱን ለማንሳት ይሻሙ ነበር።»

የዘይት ማጣሪያውን እንደያዝኩ እጄ ቆመ። ተንሸራትቼ ወጣሁና ቀና ብዬ አየኋት።

«ድሮም ታነሷቸው ነበር?»

«ድሮማ ራሱ ነበር የሚገባው። ከወንበሩ ወደ መኪናው መቀመጫ መሸጋገሪያ ጣውላውን ይዘረጋና በክንዱ እየተሳበ።»

«ማንሳት የጀመራችሁት ታዲያ ከመቼ ወዲህ ነው?»

ሁለቱን ነገር ለማገናኘት ጊዜ አልፈጀባትም።

«ሞላው ከገባ ወዲህ፤» አለች ቀስ ብላ። «ጠይቄው ነበር እኮ። ‹አስቸገረህ እንዴ አባዬ?› ስለው ‹ምንም አይደል› አለኝ። እኔም ምንም አይደል ብዬ ተቀመጥኩ።»

«አንቺማ ነግረሽኝ ነበር። ሳላስጨርስሽ አፍሽን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። ግቢው ጠጠር የፈሰሰበት ነው፤ ከውጭው በር ሥር የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ጥልቅ ቦይ አለ። ጋሼ ተሳቢ በረንዳው ላይ ሆነው የሬዲዮናቸውን አንቴና በፒንሳ ያቃናሉ። ትከሻቸው ሰፊ ነው፤ ሸሚዛቸው ግን ክንዳቸው ላይ ሰፍቷቸዋል።

«ዶክተር የሚሉህ አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«የልጄን መኪና ቀጥ ያደረግካት?»

«አዎ።»

«ጎበዝ ነህ። መንገድ ላይ አትናወጥም።»

ምስጋና ይሁን ስድብ አልገባኝም። «ጋሼ፣ የመጣሁት መኪና ውስጥ ሲገቡ ለማየት ነው፤» አልኳቸው።

«ሲኒማ ቤት የመጣህ መሰለህ?»

«አባዬ፣ በሞቴ፤» አለች ልጃቸው።

ልጃቸውን አየት አደረጉና ወንበራቸውን እየገፉ ወደ መኪናው ሄዱ። የኋላውን የጎን በር ከፍተው ወንበሩን አስጠጉ፣ ፍሬኑን ቆለፉ፣ ከአጠቃቀም ብዛት እንደ መስታወት ያበራውን ጣውላ ዘረጉ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። የመኪናው መቀመጫ ከወንበራቸው በላይ ያለው ከፍታ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ጣውላው ዳገት ሆኖ ቆሟል። በአንድ እጃቸው የበሩን ላይ እጀታ፣ በሌላው ጣውላውን ይዘው ራሳቸውን ወደ ላይ ገፉ። እስከ መሃል ደረሱ። እዚያ ላይ ክንዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንገታቸው ላይ ያሉት ሥሮች ተገታተሩ፣ ከዚያም ቀስ እያሉ ተንሸራትተው ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። ሳላስበው እጄን ዘርግቼ ነበር።

«እጅህን ሰብስብ!» አሉኝ።

ሰበሰብኩ። ጣውላውን ስበው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«የማሠልጠኛው ልጆች ክፉ አይደሉም፤» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «አንዱ በብብቴ ይገባል፣ አንዱ ጉልበቴን ያቅፋል። ‹ቀስ በል፣ ጋሼን እንዳታሳምማቸው› ይባባላሉ። እንደ ዕንቁላል ነው የሚይዙኝ። በማግስቱ እነዚያኑ ልጆች ‹መሪውን እንዲህ አትያዝ፣ ደደብ!› ብዬ ልቆጣ እልና ቃሉ አፌ ላይ ይቀራል። በእቅፉ ያወጣኝን ልጅ እንዴት አድርጌ ልቆጣው? ካልተቆጣሁ ደግሞ ያ ልጅ ነገ ሠላሳ ቶን ይዞ ቁልቁለት ይወርዳል። ስለዚህ ተውኩት።»

ልጃቸው ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ መሆኑ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። «ለምን አልነገርከኝም አባዬ?»

«ምን ልበልሽ? መኪናሽን አሠርተሽ ደስ ብሎሽ መጣሽ።»

እንደ ልማዴ መፍትሔ ይዤ ዘለልኩ። «ቀላል ነው ጋሼ! አጠር ያለ ሞላ እከትላታለሁ፣ ሁልጊዜ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች።»

እሳቸው በጣታቸው ቦዩን አሳዩኝ። «ያንን በምን ታልፋለህ?»

ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ። እውነታቸውን ነው። በአራት ጣት ዝቅ ካለች የኋላ መጎተቻ መንጠቆዋ የቦዩን ጠርዝ ይመታል።

«እኔ የምፈልገው ስትቆም ዝቅ፣ ስትሄድ ከፍ የምትል መኪና ነው፤» አሉ። «እሷም እንዲያ ነበረች። ነቅለህ የጣልክባት አንተ ነህ።»

«ይቅርታ ጋሼ።»

«ለእኔ አይደለም፤ ለመኪናዋ በላት። እስኪ ሂድና ሥራህን ሥራ።»

ኮምፕረሰሯን አልጣልኳትም ነበር። ግን ማውራት ያሳፍራል፤ ጋራዡ ውስጥ በአየሯ አቧራ እናራግፍ ነበር። አጸዳኋት፤ ሽቦዎቹንና የከፍታ መለኪያዎቹን ከዕቃ ቤት ፈልጌ ሰበሰብኩ፤ ሁለት አዲስ ከረጢት አዘዝኩ። አምስት ሳምንት ጠበቅን። ሲመጣ የገጠምኩትን ሞላ በገዛ እጄ ፈታሁት። ከረጢቶቹን አስሬ፣ መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ቀብቼ፣ አረፋ አለመኖሩን አየሁና ሞተሯን አስነሳሁ። ቀኙ ከፍ አለ፣ ግራው ቁጭ እንዳለ ቀረ። ግማሽ ቀን ሙሉ ስመረምር ቆይቼ የግራውን መለኪያ ገልብጬ እንደገጠምኩት አገኘሁ። ዶክተሩ!

መኪናዋን ወስጄ ግቢያቸው አቆምኳት። ልጃቸው ጥቁሯን ቁልፍ ተጫነች። መኪናዋ ረጅም ትንፋሽ አወጣችና ኋላዋ ዝቅ አለ። ጣውላው ተዘረጋ፤ ያ ዳገት አሁን ለስለስ ያለ ተዳፋት ሆኗል። ልቤ ሞልቶ ነበር፤ በቃ ተፈታ አልኩ።

ጋሼ ተሳቢ ራሳቸውን ገፉ፤ ግን አልሆነም። እንደገና ገፉ። ጫፉ ጋ ሲደርሱ ክንዳቸው ከዳቸው።

ከአራት ወር በላይ ሰው ሲያነሳው የከረመ ክንድ ሥራውን ረስቷል። ይህን ማናችንም አላሰብንም። ልጃቸው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይሄ በመፍቻ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

እሳቸው ግን ሲናደዱ አላየሁም። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «ይሄ ያንተ ሥራ አይደለም፣» አሉኝ፣ «አሁን የቀረው የእኔ ድርሻ ነው። መኪናዋን ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት እዚህ ታቁምልኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልጃቸው ናት የነገረችኝ። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት መኪናዋን ዝቅ አድርጋ ትተውላቸዋለች፤ እሳቸው እየተሳደቡ ይለማመዳሉ። በአራተኛው ሳምንት ቁርስ ላይ ሆና የመኪናዋን ጡሩምባ ሰማች። ስትወጣ አባቷ የኋላ መቀመጫ ላይ ሆነው፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል ዱላ አሳልፈው መሪውን ይደቁሳሉ። «ምን ሆነሻል? ይረፍድብሻል!» አሏት።

ማሠልጠኛው ቦታቸውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ነበር። ሦስቱ ቀን አልተመለሰላቸውም፤ ረቡዕ ብቻ ለጀማሪዎች ትምህርት እንዲሰጡ ተፈቀደላቸው። ለጥቂት ቀን ቅር ብሏቸው ቆዩና ተቀበሉት።

አንድ ረቡዕ ልጃቸው ፈተና ላይ ስለነበረች እኔ አደረስኳቸው። ቦዩን በቀላሉ አለፍነው። መንገድ ላይ ስለ አነዳዴ ሦስት ጊዜ ገሠጹኝ፤ ሁለቱ ልክ ነበሩ። ማሠልጠኛው ግቢ ገብተን ስቆም ሁለት ወጣቶች እየሮጡ መጡ።

«ምነው፣ እሳት ተነሣ?» አሏቸው ጋሼ በመስኮት።

ልጆቹ ባሉበት ቆሙ። ወርጄ ኋላዋን ዝቅ አደረግሁ። ወንበሩን ዘርግቼ አስጠጋሁ። ከዚያ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ፤ እጅን ኪስ ውስጥ ማቆየት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ጊዜ ወሰደባቸው። አንዱ ወጣት አንድ እርምጃ ወደፊት አለ።

«ወንበሩን ያዝልኝ፤ እኔን ሳይሆን ወንበሩን፤» አሉት።

ያዘላቸው። እሳቸውም በጣውላው ላይ ተሳቡና ወንበራቸው ላይ አረፉ፤ ኮሌታቸውን አስተካክለው እየገፉ ወደ ክፍሉ ገቡ። ጋራዥ ሦስት መኪና ይጠብቀኛል፤ ቢሆንም ቶሎ መሄድ አልቻልኩም። በተከፈተው መስኮት ድምፃቸው ይሰማል። «መሪው ላይ ተኝተሃል እንዴ? ቀና በል አንተ!» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ የተቆጡትም ልጅ ሲስቅ ሰማሁት።