የረጠበው ወንበር

ልብስ ሰፊዋ ስለ ውሃው የሰማችው ቀሚስ ልታስጠብብ ከመጣች አዋላጅ ነው። በክሊኒካችን ወላዷ ለብ ያለ ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ሆና ታምጣለች፤ ጤናዋ ደህና ከሆነ እዚያው ትወልዳለች አለቻት። ሰፊዋ መርፌዋን አቁማ አዳመጠች። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ጠባብ አልጋ ላይ በጀርባዋ አጋድመዋት፣ ቀኑን ሙሉ ጣራ ስታይ ነው የዋለችው። ያ ጣራ እስካሁን በሕልሟ ይመጣል።

ሁለተኛዋን እርግዝናዋን በውሃ ልትገላገል እንዳሰበች ቤት ስትናገር ቀድማ የሳቀችው የባሏ እህት ናት። እሷም እርጉዝ ነበረች፤ ሆዳቸው እኩል ነው የገፋው።

«ዓሣ ነሽ እንዴ? ልጁስ ይወለዳል ወይስ ይጠመዳል?»

«እኔ ሰባት ስወልድ ማን ነከረኝ?» አሉ አማቷ።

ከዚያ ወዲያ ስሟ «ዓሣዋ» ሆኖ ቀረ። ባሏ ግን ለብቻቸው ሲሆኑ፣ «ተያቸው ይሳቁ። እኔ ራሴ ነድቼ አደርስሻለሁ» አላት። ታክሲ ነጂ ነው። በክሊኒኩ ያለው ገንዳ አንድ ብቻ ስለሆነ ቀድሞ ለደረሰ እንደሚሰጥ ነገረችው፤ እሱም ቃሉን ደገመላት።

ምጡ አንድ ጠዋት ጀመራት። ደወለችለት።

«ደንበኛ ይዣለሁ፤ መጣሁ።»

ብትጠብቅ የለም። እንደገና ደወለች።

«አትቸኩይ፣ ገና ነሽ።»

ጎረቤት ልትጠራ በሩን ስትከፍት መኪናው ደረሰ። የኋላው ወንበር ላይ ስትቀመጥ ቀሚሷ ራሰ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ደንበኛ ውሃ ደፋብኝ» አለና ወደ ኋላ ሳይዞር ፎጣ አቀበላት። አነጠፈችውና ተቀመጠችበት።

አዋላጇ መረመረቻት። ሁሉም ደህና ነበር፤ ፊቷ ግን አልፈታ አለ።

«እህቴ፣ ገንዳው ተይዟል። እሷ ወልዳ፣ ታጥቦ፣ እንደገና እስኪሞላ ያንቺ ምጥ አይጠብቅም።»

ማዶ ያለው ክፍል በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የአማቷ ድምፅ መጣ፤ «አይዞሽ ልጄ፣ ትከሻሽን ልቀቂው። ውሃው ይሸከምሻል።» ይህን ቃል ከአዋላጇ ተቀብላ እራት ላይ የነገረቻቸው ሰፊዋ ራሷ ነበረች፤ ያን ቀን በሳቅ ፈርሰውባታል። በክፍተቱ የባሏን እህት እርጥብ ፀጉር አየች።

ወደ ባሏ ዞረች። ጫማውን ያያል።

«የኋላው ወንበር» አለችው።

«የሽርት ውሃዋ መንገድ ላይ ፈሰሰ። እህቴ ናት፣ ምን ላድርግ?»

«ብታደርሳትማ ደግ አደረግህ። እኔን ለምን ዋሸኸኝ?»

«ቀኗ ሲቀርብ ፈራች። ከእናቴ ጋር መጥተው ገንዳውን አይተውት ነበር። እናቴ ናት ለሚስትህ እንዳትነግራት ያለችኝ፤ ጠብ እንዳይነሳ ብላ።»

«ስንት ጊዜ ሆነህ ካወቅህ?»

የመኪናውን ቁልፍ በእጁ አገላበጠ። ምጡም ጊዜ አልሰጣትም።

አልጋ ላይ ወለደች። አዋላጇ በጎኗ አስተኝታት፣ ወገቧን በሙቅ ፎጣ ስትይዝላት ቆየች። ልጅቷ ጤነኛ ናት። ቀና ስትል የታያት ግን ያው የሕልሟ ጣራ ነበር።

ወደ ማታ የባሏ እህት ልጇን ታቅፋ ገባች።

«ዓሣዋ፣ እውነትሽን ነው ለካ። ውሃው እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ።»

ሰፊዋ ልጇን ወደ ጡቷ አስጠጋች። የባሏ እህት ቀስ ብላ ወጣች። ባሏ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ለሚቀጥለው እኔ ራሴ...»

«ስልኬን አቀብለኝ።»

የምትታረስበት ክፍል አማቷ ቤት ተሰናድቶ ነበር፤ መጋረጃውን የሰፋችው ራሷ ናት። እሷ ግን እናቷ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ ወልጃለሁ። የምታርሺኝ አንቺ ነሽ። መኪና ይዘሽ ነይ።»

«ባልሽ ባለመኪና አይደል እንዴ?» አለች እናቷ ግራ ተጋብታ።

«ወንበሩ አልደረቀም።»

ባሏ እጁ ላይ የነበረውን የመኪና ቁልፍ ኪሱ ከተተ።