ለሉካው ቤት የተላኩ ሽማግሌዎች

ሰምሃልን ማረፍ አማራት። ነገሩ ሁሉ ከዚህ ጀመረ።

እሷና ባሏ ታምራት ሲያትል አጠገብ ሬንተን ውስጥ አዛውንት ፈረንጆች የሚጦሩበት ቤት አላቸው። አዛውንቶቹ ምድር ቤት፣ እነሱ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ታች ደወል ሲጫን ላይ ይጮኻል፤ ሲጮኽ የምትወርደው ሰምሃል ናት። ታምራት የያዘው ማኔጅመንቱን ነው። ማኔጅመንቱ አብዛኛውን ጊዜ ሶፋ ላይ ይከናወናል።

አንድ ቀን ስልኳ ላይ ማስታወቂያ አየች። ጣልያን አገር፣ ሉካ በምትባል በግንብ የታጠረች ጥንታዊ ከተማ፣ እምብርቷ ላይ፣ ፓላዞ በሚሉት የድሮ መኳንንት ቤት ውስጥ የሚሸጥ አፓርታማ። «ነፍስ ያለው መኖሪያ» ይላል። ሦስተኛ ፎቅ ሆኖ ሊፍት የለውም፤ ማስታወቂያው ይህንን «ጥንታዊ ክብሩ ያልተደፈረ» ብሎ አልፎታል። የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ላይ ሰማይ ተስሏል፤ ደመና፣ ወፎች፣ ክንፍ ያላቸው የጠገቡ ሕፃናት።

«እዚህ ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ማንም ሳይጠራኝ ቀና ብዬ ባይ፣ ሌላ ምንም አልፈልግ» አለች ሰምሃል።

ታምራት ኮርኒሱን አላየም። በሐሳቡ ያየው ተፎካካሪውን ጳውሎስን ነው። ጳውሎስ ሲያትል፣ ካፒቶል ሂል ላይ ኮንዶ ከገዛ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ነው። «ኮንዶ እና ፓላዞ አንድ ነው እንዴ?» አለ ታምራት። ቡሪየን የነበራቸውን ትርፍ ቤት ሸጡና ገንዘቡ ሞላ።

ያስቸገሩት የቤቱ ባለቤት ናቸው። ሲኞራ ኦርቴንሲያ የሚባሉ ባልቴት ናቸው፤ ሽጪ ሽጪ የሚላቸው ሚላኖ ያለው ልጃቸው ነው። ቤቱን አንድ የጀርመን ጥርስ ሐኪምም ፈልጎታል። ሲኞራ ግን ደላላውን «ብር አላወዳድርም፤ ማን እንደሚኖርበት ልወቅና እሰጣለሁ። ያነጋግሩኝ» ብለውታል።

«ሶ፣ ኮል አድርግና ስለራስህ ንገራቸዋ» አለችው ሰምሃል።

«ሰው ራሱን ያመሰግናል እንዴ? ነውር ነው! ሽማግሌ እልካለሁ።»

ሦስት ሆንን። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ወልደ ሥላሴ ናቸው፤ አዲስ አበባ ጋራዥ ነበራቸውና ጣልያንኛ እችላለሁ ይላሉ። ሁለተኛው የሱቅ ነጋዴው ገብረሕይወት፤ ሲናገር ጥርጣሬ እንጂ ሌላ አይናገርም። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ የተመረጥኩት በሽበቴ ነው። አስተርጓሚ የታምራትና የሰምሃል ልጅ ኖላዊት ሆነች። እኛ በአማርኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ፣ ደላላው በጣልያንኛ፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል።

ቅዳሜ ጠዋት ኮት ላይ ነጠላ ደርበን ሳሎን ውስጥ ተሰለፍን። ቴሌቪዥኑ ላይ ሲኞራ ኦርቴንሲያ ብቅ አሉ፤ ቀጭን፣ ነጭ ጠጉር፣ አንገታቸው ላይ ዕንቁ። ካሜራው ዝቅ ብሎ ስለነበር ለእሳቸው የታየናቸው ከሆዳችን ወደ ታች ነው።

አጠገባቸው ያለው ደላላ ተቀመጡ አለን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ኖላዊት ተረጎመች። ደላላው ግራ ገባው፤ ወንበር የላችሁም ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ወንበርማ ሞልቶ። ሰምሃል፣ ወንበሩን አሳይያቸው።»

ሰምሃል ከጓዳ ብቅ ብላ አንድ ወንበር አንስታ ለሲኞራ አሳየች። እጇ ላይ ጓንት ነበር፤ ታች አንድ አዛውንት ማጠብ ጀምራ ነው የመጣችው።

ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ ተናገሩ፤ የሲያትልን ከጨረሱ በኋላ የሉካን ጠየቁ። ከዚያ ጋራዥ ውስጥ የለቀሙትን ጣልያንኛ አወጡ። «ፍሪሲዮን! ካምቢዮ! ማርሚታ!» ሲኞራ ከት ብለው ሳቁ፤ የሞተው ባላቸውም የመኪና ሰው ነበር አሉ። ጋሽ ወልዴ በድል ዞረው አዩን። ቀጥለው ታምራትን አመሰገኑ፤ የማይሰክር፣ የማይሳደብ፣ ቤተሰቡን አክባሪ። ይህ ስለ ታምራት የሚባለውን ሁሉ ስለጨረሰ ወደ ሰምሃል አለፉ።

«እሷማ እጇ የተባረከ ነው! የሰውን እናት እንደ እናቷ ታጥባለች። አንሶላ ስታነጥፍ እጥፋት አይገኝበትም። ምሬት ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።»

ሲኞራ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ በአጭሩ ተናገሩ። ደላላው ፈገግ አለ፤ ኖላዊት በደስታ ዘለለች።

«ሺ ሴድ የስ! ቤቱ የናንተ ነው፣ ሰኞ ፈርሙ አሉ!»

እኛ ሽማግሌዎቹ ተያየን።

እንግዲህ አስቡት። ልጅ ልትጠይቅ ሄደህ አባትየው በር ላይ «ውሰዳት» ቢልህ ምን ይሰማሃል? ገብረሕይወት በክርኑ ጎሸመኝና አንሾካሾከ፦ «ያፈሳል። ኮርኒሱ ያፈሳል ማለት ነው።»

ጋሽ ወልዴም ፊታቸው ጠቆረ። «ጨዋ ሰው ባንዴ እሺ አይልም» አሉ። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረው እጅ ነሱ። «እማማ፣ ይኼ የሚቸኮልበት ነገር አይደለም። ይምከሩበት፣ ዘመድ ያማክሩ። ዛሬ ሳምንት ተመልሰን እንጠይቃለን።»

«አር ዩ ሲሪየስ?» ኖላዊት ጮኸች። «እሺ ብለዋል እኮ!»

«ተርጉሚ አንቺ ልጅ!»

ተረጎመች። ደላላው ሦስት ጊዜ አስደገማት። ሰምሃል በር ላይ ቆማ አንዴ ታምራትን አንዴ እኛን አየች። የታቹ ደወል ጮኸ፤ ወረደች።

ሳምንቱን ሙሉ ታምራት ሲጨነቅ ጋሽ ወልዴ አጽናኑት። «አሁን ከበርንላቸው። ክብር ያገኘ ሰው ዋጋም ይቀነስለታል።»

በሳምንቱ ተመለስን። ሲኞራ ኦርቴንሲያ የአዘቦት ሹራብ ለብሰው፣ በጣም ተረጋግተው ጠበቁን።

«ልጄ ፈርሚ ይለኛል። ደላላው ፈርሚ ይለኛል። ጥርስ ሐኪሙም ፈርሚ ይለኛል። አስቢበት ያላችሁኝ እናንተ ብቻ ናችሁ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ አሰብኩበት። አልሸጥም።»

ደላላው ይህን ሲተረጉም ድምፁ የለቅሶ ቤት ድምፅ ሆኖ ነበር። ታምራት ሶፋው ላይ ዘፍ አለ።

«ግን» አሉ ሲኞራ፣ «ብቻዬን መኖር ከብዶኛል። ያቺ እጇ የተባረከ ያላችኋት ሴትዮ ብትመጣልኝስ? ክፍል አለ። ደመወዝም እከፍላለሁ።»

ጋሽ ወልዴ ፊታቸው በራ። «አያችሁ? ቤቱንም አገኘች፣ ሥራም ተጨመረላት! ሽምግልና እንዲህ ነው!»

ገብረሕይወት እንኳ ሊጠራጠር ሞክሮ አቃተው። ታምራትም ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ ሚስቴ ፓላዞ ውስጥ ናት ማለት ለጳውሎስ እንዴት እንደሚሰማ እያመዛዘነ መሆኑ ከዓይኑ ይነበባል።

ሰምሃል ጓንቷን አውልቃ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረበች። እንግሊዝኛውን ራሷ ተናገረች፤ ልጅቷን አላስቸገረችም።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰማይ የተሳለበት ክፍል ውስጥ የሚተኛው ማን ነው?»

ደላላው ጠየቀ። ሲኞራ ተገረሙ።

«እኔ ነኛ! እናቴም እዚያው ነው የሞተችው። ለሷ ከማድቤቱ ኋላ ያለችውን ክፍል እሰጣታለሁ። ደወል አስገብቼላታለሁ።»

ሰምሃል ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይተናት አናውቅም፤ ሲኞራም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አብረው ሳቁ።

«ጤና ይስጥልኝ በያቸው» አለች ለልጇ። «ደህና ይሁኑ በያቸው። ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎም እግዜር ይስጥልኝ፤ ደክመዋል።»

«የኔ ልጅ፣ አትቸኩይ፣ ብታስቢበት...»

«አስቤበታለሁ።»

ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። በሩን ገርበብ አድርጋ ስለተወችው አልጋው ላይ ከነልብሷ በጀርባዋ ስትንጋለል ሁላችንም አየን። ኮርኒሱ ነጭ ነው፤ ጥግ ላይ አንድ የእሳት ማስጠንቀቂያ አለ። እሱን እያየች እጇን ደረቷ ላይ አጣመረች።

የታቹ ደወል ጮኸ። ማንም አልተነሳም። ደግሞ ጮኸ።

«ሰምዬ?» አለ ታምራት።

ወደኛ ዞረ፤ ጋሽ ወልዴ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ገብረሕይወት ጫማውን ይፈልጋል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮኽ ታምራት ከሶፋው ተነሳ፤ ደረጃው አፍ ድረስ ሄደና ቆመ።

«ጓንቱ የሚቀመጠው የት ነው?»