የፏፏቴው ሙሽራና የአክስቴ ልጅ

እኛ መንደር ጎብኚ ሲመጣ ሁለት ሰው ይመደብለታል። አንዱ ከፊት ሆኖ ያወራል፤ ሌላው ከኋላ ሆኖ ሰው ጫካ ውስጥ እንዳይጠፋ ይጠብቃል። ከፊት የሚሄደው ጨምርበት ይባላል። ከኋላ የምሄደው እኔ ነኝ። ደንባችን አንድ ነው፤ የኋላ ሰው አያወራም። ሁለት ሰው ካወራ ሁለት ታሪክ ይወጣል፤ ሁለት ታሪክ የሰማ ጎብኚ ደግሞ አንዱንም አያምንም። ስለዚህ የእኔ ሥራ ተረከዝ ማየት ነው። ማን እንደደከመው፣ ማን ከሚስቱ ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ለተራራ ብሎ አዲስ ጫማ ገዝቶ አሁን እንደሚጸጸት፣ ሁሉም ከተረከዝ ይታወቃል። ፊታቸውን የማየው ሲሰናበቱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ካሰብኩት ያነሰ ነው።

ጨምርበት መንደሩ ያወጣለት ስም ነው። እናቱ ያወጣችለት ሌላ ነበር፤ አሁን እሷም ትታዋለች። ወሬ ሲነግሩት ሳይጨምርበት አያሳልፍም። ከክፋት አይደለም። ተራራችን ጫካ ነው፤ ጫካ ዛፍ ነው፤ ዛፍ ደግሞ ጎብኚው በመጣበት መንገድ ሁሉ ሞልቶለታል። ታሪክ የሌለው ቦታ ሲደርስ ፎቶውን ያነሳና "ቀጥሎስ?" ይላል። ታሪክ ያለው ቦታ ላይ ግን ቆም ይላል፤ ይተነፍሳል፤ አንዳንዱ ባርኔጣውን ያወልቃል። ይህን አይቶ የማይጨምር ሰው ካለ እሱ ሥራውን አልወደደም።

የፏፏቴውንም ታሪክ የፈጠረው እሱ ነው። አንዲት ልጅ የምትወደውን ተከልክላ ለማትወደው ልትዳር ስትል፣ ለሠርጓ አንድ ቀን ሲቀረው ከፏፏቴው ራስ ዘለለች። ጭጋግ ሲሆን ነጭ ልብሷ ይታያል። በጭጋግ የማይነጣ ነገር እንደሌለ እስካሁን ያነሳበት ጎብኚ የለም። "መቼ ነው የሆነው?" ሲሉት "ድሮ" ይላል። ድሮ ማለት ከሳሽ የሌለበት አገር ነው።

አክስቴ ሸማኔ ናት። የጉብኝታችን መጨረሻ የእሷ ቤት ነው፤ ጎብኚው ከጫካ ወጥቶ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ይታጨቅና መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲበር ያያል። ክሩን ቀለም የምትነክረው ራሷ ናት። የተነከረ ክር በዚያው ቀን፣ ሳይደርቅ፣ ፏፏቴው ሥር ካለው ኩሬ ወርዶ ይታጠባል። የሚወርድ ውሃ ካላጠበው ቀለሙን ይለቃል፣ የለበሰውን ሰው አንገት ያቀላል ባይ ናት። ሌሎቹ ሸማኔዎች በቤት ውሃ ያጥባሉ፤ እሷ የእነሱን ሥራ "የአንገት ቀለም" ትለዋለች።

ካቻምና ክረምት ቀይ ነክራ ዝናብ መጣ። ልጇ፣ አንድ ልጇ፣ "ሲያባራ ልሂድ" አለች። አክስቴ "አንቺ እስኪያባራልሽ ክሩ ይደርቃል" አለች። ልጅቷ ክሩን በቅርጫት ይዛ ወረደች። ድንጋዩ አረንጓዴ ለብሶ ነበር፤ አዳለጣት። ቅርጫቱን ኩሬው ዳር አገኘነው። እሷን ታች፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ጋ። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ማን እንደላካትም ያውቃል፤ ግን አንድም ሰው አፍ አውጥቶ ተናግሮ አያውቅም፤ አክስቴም ጭምር።

ጥፋቱ የመጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። አንድ ጎብኚ የሙሽራዋን ታሪክ ሰምቶ ሲያበቃ "አምና እዚህ ሞተች የተባለችው ልጅ ይቺ ናት እንዴ?" አለ። ጨምርበት አዎ አላለም፤ አይደለም አላለም። ዝም ብሎ ወደ ውሃው አየ። ወደ ውሃ ማየት በእኛ ሥራ አዎ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ታሪኩ በየስልኩ ዞረ። ድሮ የነበረችው ሙሽራ አምና ሆነች፤ የአክስቴ ልጅም በአንድ ጎብኚ ጥያቄ ራሷን ገደለች።

አክስቴ የሰማችው ከጎብኚ ነው። አንዲት ሴትዮ ሽመናውን አይታ ስትጨርስ እጇን ያዘችና "አይዞዎት እናቴ፣ ፍቅር ጨካኝ ነው" አለቻት።

"የቱ ፍቅር?" አለች አክስቴ።

ሴትዮዋ ነገረቻት። በማግስቱ አክስቴ ጨምርበትን አስጠራችው። እኔም ተከትዬ ሄድኩ፤ ከኋላ መሄድ ለምዶብኛል።

"ና ቁጭ በል።"

"መቆሙ ይሻለኛል እትዬ።"

"ቁጭ በል አልኩህ። ልጄ ማንን ልታገባ ነበር?"

"እኔ አላልኩም። ሰዎቹ ናቸው ያገናኙት። እኔ ዝም ነው ያልኩት።"

"ከተወለድክ ጀምሮ አንድ ቀን ዝም ብትል ያን ቀን ሆነ?"

አክስቴ መወርወሪያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ልጄ ራሷን አልገደለችም። አዳልጧት ነው። የማላውቀው ሰው ቤቴ ገብቶ እጄን እየያዘ ራሷን ያጠፋች ልጅ እናት እንዲያደርገኝ አልፈልግም። ስሟን መልስልኝ።"

"እሺ እትዬ።"

"የአንተን እሺ አላምነውም። ቅዳሜ ራሴ መጥቼ እሰማለሁ።"

ቅዳሜ ቤቷን ቆልፋ መጣች። ለልቅሶ የምታደርገውን ጫማ አድርጋለች። ጉብኝቱ የዚያን ቀን ፏፏቴው ላይ እንዲያልቅ ተነጋገርን። ጎብኚዎቹ እሷንም እንደነሱ ከሌላ ቦታ የመጣች መሰሏቸው፤ አንዲት ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት እንዲያውም "ለመጀመሪያ ጊዜ ነው?" ብላ ጠየቀቻት። አክስቴ አሰበችና "በዚህ መንገድ፣ አዎ" አለች።

ከኋላ ከእኔ ጋር ሄደች። ውሃ ወፍጮው ጋ ስንደርስ ጨምርበት ድንጋዩ ቀንና ሌሊት ሲፈጭ ድምፁ እንቅልፍ የነሳውን ንጉሥ ታሪክ አወራ። ንጉሡ ሊቀጣ መጥቶ ዱቄቱን ቀምሶ ይቅር አለ።

"ይሄ ወፍጮ እኮ አንድ ክረምት ነው የሠራው" አለችኝ አክስቴ በሹክሹክታ። "ከዚያ ጥርሱ ወለቀ።"

ዋሻው ጋ ከሰው ጋር ላለመነጋገር የማለ ጠቢብ እንደኖረ ሰማን። ጣሪያውን ያጠቆረው የመብራቱ ጭስ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ።

"የአጎትህ ፍየሎች ናቸው እዚህ የኖሩት" አለች። "አንዳቸውም አያነቡም ነበር።"

ሳቄን ዋጥኩት። እሷም ፈገግ አለች፤ ከካቻምና ወዲህ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ባለ ባርኔጣዋን አየቻት። ሴትዮዋ መዳፏን ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፍናለች።

"ደስ አላት አይደል?" አለች አክስቴ።

"አላት።"

"ለፍየል ብላ እንዲህ አትዳስሰውም ነበር።" ቀጥላም "የሰው ነገር" አለች።

ወደ ፏፏቴው የሚወርደው መንገድ ሲጀምር ግን ወሬዋ ቆመ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወርዳ አታውቅም፤ ክሯንም የጎረቤት ልጆች ነበሩ የሚያጥቡላት። ተረከዟን አየሁት። አንዱን ስታነሳ ሌላው መሬቱን ለቆ ላለመሄድ ይከራከር ነበር። ክንዷን ልይዝ ስል "ተው፣ ሰው ያየናል" አለችኝ።

ታች ደረስን። ውሃው እንደ ልማዱ ነው፤ ማን እንደመጣ አይለይም። ጎብኚዎቹ ግማሽ ክብ ሠርተው ቆሙ። ጨምርበት ከፊታቸው ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አክስቴን አያት፤ እንደገና ጠረገ።

"እዚህ ቦታ" አለ፣ "ካቻምና አንዲት ልጅ ክር ልታጥብ ወርዳ አዳለጣት። ሞተች።"

ሁሉም ጠበቁ። ጨምርበት የሚጨምረው አልነበረውም። በሕይወቴ እንዲህ ያጠረ ታሪክ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

"በቃ?" አለ ዣንጥላ የያዘ ሰውዬ። "ሙሽራዋስ? እኛ የሰማነው ሌላ ነው።"

"ውሸት ነው። ሙሽራ አልነበረችም። ክር ልታጥብ ነው የመጣችው።"

አክስቴ ያን ጊዜ ትከሻዋ ወረደ፤ ለረጅም ጊዜ የተሸከሙትን ነገር ሰው እንደተቀበላቸው ዓይነት። ስሟ ተመልሷል። እዚያ ላይ ቢያበቃ እኔም ይህን ባልጻፍኩ ነበር።

"በክረምት ነው?" አለች ባለ ባርኔጣዋ ድንጋዩን እያየች። "እየዘነበ?"

"አዎ። እየዘነበ።"

"ምነው በዝናብ! ማን ነው በዝናብ እዚህ የላካት?"

"ምን ዓይነት ሰው ነው?" አለ ባለ ዣንጥላው። "ለክር ብሎ ልጅ ይልካል? እናት የላትም እንዴ?"

ጨምርበት ወደ ውሃው ሊያይ አንገቱን አዞረና ተወው። ሌላ የሚያይበትም አጣ። አፉን ከፈተ፤ ዘጋ። ይህ ሰውዬ ዋሻ ሙሉ ፍየል ጠቢብ ማድረግ የሚችል ሰው ነው። እኔም አፌን ልከፍት ነበር። ግን ምን ብዬ? ማንም አልላካትም ብል አክስቴ ታውቃለች። እናቷ ናት ብል ደግሞ ይኸው እነሱ መሃል ቆማለች።

"ሌላም የሚባል አለ አይደል?" አለች አክስቴ።

ሰዎቹ ዞረው አዩዋት። ድምፅዋ የጎብኚ ድምፅ ነበር፤ ለማወቅ የጓጓ ሰው ድምፅ።

"የሙሽራዋ። እሱን ንገራቸው።"

"እትዬ፣ እሱ እኮ..."

"ንገራቸው እንጂ። ከሩቅ ነው የመጡት።"

አክስቴ ወደ እኔ ጠጋ አለች። ውሃው ይጮሃል፤ ጆሮዬ ሥር ገብታ ነው የተናገረችው።

"በዚያኛው ታሪክ በገዛ እግሯ ነው የሄደችው" አለችኝ። "ማንም አልላካትም።"

ጨምርበት ጀመረ። ታሪኩን የዚያን ቀን ያህል አበላሽቶ አውርቶት አያውቅም። ሠርጉን ከዝላዩ በኋላ አደረገው፤ ነጩን ልብስ ረሳው፤ መሃል ላይ ሳል አቋረጠው። ጎብኚዎቹ ግን ፀጥ ብለው ሰሙት። ባለ ዣንጥላው ዣንጥላውን አጥፎ በሁለት እጁ ያዘው። ልጅቷ የምትወደውን ተከልክላ ወደ ገደሉ ስትሄድ፣ አክስቴ እጇን አነሳች፤ ትምህርት ቤት እንዳለች ልጅ።

"ልጁስ?" አለች። "ይወዳት ነበር?"

ጨምርበት ለጥያቄ መልስ አጥቶ አያውቅም። ይህኛውን ግን ቆሞ አሰበበት።

"በጣም" አለ። "ከእሷ ሌላ ሰው አይታየውም ነበር።"

"ጥሩ ልጅ ነበር?"

"ጥሩ ልጅ ነበር እትዬ። ሠራተኛ። አንደበቱ የታረመ። እናቷን የሚያከብር።"

"ተመስገን" አለች አክስቴ።

ታሪኩ ሲያልቅ ማንም "ቀጥሎስ?" አላለም። አንድ በአንድ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ጨምርበት ከፊት ሄደ፤ እንደወትሮው ወደ ኋላ እየዞረ አያወራም፤ ጀርባውን ብቻ ሰጥቶናል። ባለ ባርኔጣዋ ከሁሉም ኋላ ቀረች፤ ዓይኗን በመሐረብ እየጠራረገች ከአክስቴ ጎን ሆነች።

"እንዴት አንጀት ይበላል እናቴ" አለች። "እናቷ ግን በሕይወት ትኖር ይሆን?"

አክስቴ ቀና ብላ የሚቀረንን ዳገት አየች።

"እንጃ ልጄ" አለች። ከዚያ እጇን ዘረጋችላት። "ነይ፣ ያዢኝ። እዚህ ጋ ያዳልጣል፤ እግርሽን እያየሽ ርገጪ።"