አቴንስ ያደረው አውሮፕላን

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በሰኔ ወር፣ መምህር ሳህሉ በአቶ ጥላዬ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ፍራንክፈርት ከአዲስ አበባ ሩቅ መሆኑን ለተሰበሰበው ሰው በይፋ አስታወቀ።

የተቃወመ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀርመን አገር ሊማር የሄደው የወይዘሮ ትርፊት ልጅ ማቴዎስ፣ ለክረምቱ ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ወሬውን ከአዲስ አበባ የመጣ ሾፌር ነገረን። ለእናቱ ግን አልተነገራቸውም። መርዶ ያለ ሥጋ ዘመድ አይነገርም፤ የቀረቻቸው አንዲት ልጅ ጵርስቅላ ደግሞ የተዳረችው ሩቅ፣ ሀደሮ ነው፤ መንገዱን ዝናብ ዘግቶታል። ስለዚህ እሷ እስክትደርስ ማቴዎስን አየር ላይ ማቆየት የኛ ፋንታ ሆነ።

ወይዘሮ ትርፊት ያን ዕለት ሱቁ ድረስ መጡ። መምህሩ ከትምህርት ቤት ያመጣውን ካርታ ባንኮኒው ላይ ዘረጋ። አቶ ጥላዬ እንዳይጠቀለል ጫፉን በሳሙና ተጫኑት።

«እማማ፣ ፍራንክፈርት ይኸውና። ይህ ደግሞ እኛ ነን።»

«የታለን?»

«አልተጻፍንም እንጂ እዚህ ነን። በመካከሉ ባሕር አለ፣ በረሃ አለ። አውሮፕላኑ አቴንስ ያድራል።»

«አምና ልጁን ስንሸኝ፣ ማታ ተሳፍሮ ጠዋት ይገባል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

መምህሩን አላበው። «እሱ ሲሄድ ነው። ሲመለስ ንፋሱ ፊት ለፊት ነው።»

«ሞተሩም ይግላል» አሉ አቶ ጥላዬ፣ አውሮፕላን በቅርብ አይተው የማያውቁት። «ካልበረደ አይነሣም። የኔ ጭነት መኪና ቦኖሻ መንገድ ላይ ቆሞ አላደረም?»

«ቦኖሻ ሰማይ ላይ ነው እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ትርፊት።

የሳቀ የለም። እኔም ላግዝ ብዬ፣ ካርቱም ላይ አቧራ እንደሚነሣ ጨመርኩበት። ኋላ ካርቱምን ካርታው ላይ ፈልጌ አጣሁት።

ወይዘሮ ትርፊት ካርታውን ብዙ አዩት። ከዚያ ከፍራንክፈርት ጀምረው በስንዝር ለኩና፣ «ሁለት ስንዝር እንኳ አይሞላም» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ስለ አውሮፕላን አልጠየቁም። እኛም አመኑልን ብለን ደስ አለን። መምህሩማ፣ ማስረዳት ተሰጥኦ ነው እስከማለት ደረሰ። ጎረቤቱ በየተራ እየገባ ያጫውታቸው ነበር፤ ሁሉም ሲስቅ ከልክ በላይ ይስቅ ነበር። እሳቸው አብረው አይስቁም፤ ግን ወንበር ይሰጣሉ።

ጵርስቅላ ቅዳሜ ማምሻውን እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ በበቅሎ ደረሰች። ጎረቤት ቤት ደብቀን አሳደርናት። እንደ ደንቡ ጎህ ሲቀድ፣ እሷን ከኋላ አድርገን፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄድን። ማን ይናገር በሚለው መንገዱን ሙሉ ተጨቃጨቅን። መምህሩ ካርታውን ብብቱ ሥር ይዟል፤ ለምን ብሎ የጠየቀው የለም።

በሩ ክፍት ነበር። አልጋው ከቤት ወጥቷል። ከሰፈሩ ጸሎት ቤት የመጡ አግዳሚዎች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። ወይዘሮ ትርፊት መሬት ላይ በተነጠፈ ሰሌን ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ፊታቸው አዙረው።

አንደኛው ሽማግሌ «እንደምን አ...» ብለው ጀመሩና ተዉት።

ወይዘሮ ትርፊት ሰሌኑ ላይ ፈቀቅ አሉና ለጵርስቅላ ቦታ ለቀቁላት።