ድኖ ወጥቷል

መስከረም ኮምፒውተሩን ቆልፉልኝ እያለች ስትለምን ነው የከረመችው። የሚሰረቅ ነገር ኖሮ አይደለም። በመተማ ዮሐንስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው፣ ካላዛር የሚባለውን ገዳይ በሽታ በምታክመው ትንሽ ክሊኒክ የሕሙማንን መዝገብ የምትይዘው እሷ ናት። መዝገቡ ደግሞ ለማንበብ ብቻ የገባውን ሰው እንኳ ጉድ የሚሠራ ነው። ወደ ታች ልውረድ ብለው ማውሱ መሃል ያለችውን ጎማ ሲያሽከረክሩ፣ ቀስቱ "ውጤት" የሚለው ሳጥን ላይ ካረፈ፣ ገጹ መውረዱን ትቶ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ቃል ይቀየራል። "ሞቷል" የነበረው "ድኖ ወጥቷል"፣ "ድኖ ወጥቷል" የነበረው "ጠፍቷል" ይሆናል። ማሽኑም እውነት ነው ወይ ብሎ ሳይጠይቅ ዝም ብሎ ይመዘግበዋል። ይሄ ሥራ ነው እንዴ!

"ለማየት ስንከፍተው ተቆልፎ ይከፈት፤ 'አርም' የሚለውን ካልተጫንን አንዲት ፊደል አትነካ፤ ስንጨርስም 'ልመዝግበው ወይ?' ብሎ ይጠይቀን" እያለች ለኃላፊው ለአቶ ቢያድግልኝ ስንት ጊዜ ነገረቻቸው። እሳቸው ግን "አንቺ ተጠንቅቀሽ ሥሪ እንጂ፣ ፈቃድ ስንጠይቅ ልንውል ነው?" እያሉ ይስቁባታል። ሲስቁባት ደጋግሞ መናገሩ ያሳፍራታል። በመጨረሻ ከጎንደር ኡመይር የሚባል ባለሙያ መጣና ልክ እንደፈለገችው አድርጎ ቆለፈላት፤ ድነው ወይም ሞተው የተዘጉትን መዝገቦች ደግሞ ከናካቴው እንዳይነኩ አደረጋቸው። ያን ቀን የመስከረም ደስታ ለከት አልነበረውም።

በማግስቱ ከል የለበሱ እናት መጡ። ወይዘሮ ስርጉት ይባላሉ፤ ከጎጃም፣ ከአዴት ነው አመጣጣቸው። ልጃቸው ማሩ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ከሚወርዱት፣ ሳሉግ ከሚባሉት የቀን ሠራተኞች አንዱ ነበር። አብሮት የወረደው ያገሩ ልጅ ብቻውን ተመለሰና "ታሞ ክሊኒክ ገባ፤ ከዚያ ሞተ አሉ" ብሎ አረዳቸው። አለቀሱ፣ ፍታት አስፈቱ። አሁን የመጡት መቃብሩን አይተው አፈሩን ለመንካት ነው። መስከረም ወጣ ብላ ስለነበር መዝገቡን የከፈቱላቸው አቶ ቢያድግልኝ ራሳቸው ናቸው።

መስከረም ስትመለስ የተቀበላት እልልታ ነው። በካላዛር ክሊኒክ እልልታ! ሴትዮዋ ጥቁሩን ሻሻቸውን አውልቀው ጥለው ወለሉን ይስማሉ፤ አቶ ቢያድግልኝ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

"ልጃቸው ድኖ ወጥቷል!" አሏት። "የሰው ወሬ ምኑ ይታመናል? ይኸው መዝገቡ! ተቆልፏል፣ ማንም አይነካውም።" ወደ እናትዮዋም ዞር ብለው፣ "እንግዲህ እንደ ጓደኞቹ ለሥራ ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ ተሻግሮ ይሆናል" አሉ።

መስከረምም አብራ አለቀሰች። ምን ይደበቃል፣ ከልቧ ነው ደስ ያላት። እስከ በር ሸኝታቸው ተመለሰችና፣ የማሩ ስልክ ቁጥር ተመዝግቦ ከሆነ ሮጣ ልትሰጣቸው መዝገቡን ከፍታ ወደ ታች ወረደች። ስልክ የለውም። ከዚያ ዝቅ ብሎ ግን፣ አቶ ቢያድግልኝ ያልወረዱበት ቦታ ላይ፣ "የተቀበረበት፦ ቅዱስ ሚካኤል" ይላል።

ድኖ የወጣ ሰው ይቀበራል?

ባለፈው ሳምንት ለሪፖርት ሟቾቹን ስትቆጥር ከነርሷ ቁጥር አንድ ጎድሎባት ነበር፤ ነርሷ ናት የተሳሳተችው ብላ አለፈችው። ለካስ ያን ጊዜ መዝገቡን ስታገላብጥ ማሩን ከሞት ያስነሳችው እሷው ናት። "ሞቷል" ብላ ልትመልሰው ሞከረች፤ የተዘጋ መዝገብ ነውና ማሽኑ አሻፈረኝ አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ አይደል? ስህተቱ ከገባ በኋላ ነው ቁልፉ የመጣው፤ ስህተቱንም አብሮ ቆለፈው።

ግን አሁን ማሽኑን ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት! ማዶ ጦርነት ነው። ሴትዮዋ ልጃቸውን ፍለጋ ወደ ጦርነት እየሄዱ ነው።

መስከረም በዚያ ሐሩር ስትሮጥ ሰው ሁሉ ቆሞ አያት። ድንበሩ ድልድይ አጠገብ፣ ጓዛቸውን ተሸክመው ከሱዳን በሚሸሹት ሰዎች መሃል፣ ወደ ማዶ ሲያዘግሙ ደረሰችባቸው።

"እማማ፣ ይቁሙ! አይሻገሩ!" ትንፋሿ ተቆራረጠ። "ማሩ አልዳነም። እኔ ነኝ መዝገቡን ያበላሸሁት።"

ወይዘሮ ስርጉት ትክ ብለው አዩዋት። "ምን ነካሽ ልጄ? አለቃሽ ተቆልፏል፣ ማንም አይነካውም አሉኝ እኮ።"

"ሳይቆለፍ በፊት ነው የተበላሸው። ሚካኤል ነው የተቀበረው፤ እዚያው መዝገቡ ላይ አለ።"

"እዚያው ላይ ዳነ ይላል፣ እዚያው ላይ ተቀበረ ይላል?"

"ነርሷ ታውቃለች። እንመለስና እሷ ትንገርዎ።"

"አልመለስም! እኔ ስመላለስ ልጄ ይርቅብኛል።" ጥቂት እንደ መራመድ ብለው ዞሩ። "አንቺስ? ሲሞት በዓይንሽ አይተሻል?"

አላየችም። መስከረም ከኮምፒውተሯ ተነስታ አልጋ ክፍል የገባችበት ቀን ጥቂት ነው፤ ማሩን በካርድ ቁጥሩ እንጂ በመልኩ አታውቀውም። ግን አላየሁም ካለች ሴትዮዋ ይሄዳሉ። ከሄዱ ደግሞ የሌለ ልጅ ሲፈልጉ ጥይት ይፈልጋቸዋል።

"አይቻለሁ" አለች። "እጄ ላይ ነው የሞተው።"

ወይዘሮ ስርጉት ቀስ ብለው መንገዱ ዳር አቧራው ላይ ተቀመጡ። መስከረምም አጠገባቸው በርከክ አለች። ሸሽተው የሚመጡት ሰዎች እየዞሩ ያልፏቸዋል። እናትዮዋ ቀና አሉ።

"በመጨረሻ ምን አለሽ?"

"'ውሃ ስጪኝ' አለኝ።"

"ሰጠሽው?"

"ሰጠሁት።"

"እሰይ! እሰይ፣ ልጄ ጠምቶት አልሞተም!" ብለው እንባቸውን ለቀቁት፤ ሁለቱንም እጆቿን ያዙና እያገላበጡ ይስሙ ጀመር። "እኔን የተካሽ! ልጄን ያጠጣሽ! እነዚህን እጆች ክፉ አይንካቸው!"

መስከረም እጆቿን ለማስለቀቅ ታገለች። አልለቀቋትም።